ቦርዱ የወጣበት ባትሪ

ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሀይሌ ጋርመንት ወደ ፉሪ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ አንዲት ሴት የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ባትሪ በከረጢት አቅፋ ተቀምጣለች። አንድ ጎልማሳ ገብቶ አጠገቧ ሲቀመጥ ዞር ብላ አየችው።

«አንተ! ሱቅህ ተዘግቶ ነው የምመለሰው። የባሌን ባትሪ የጠገንከው አንተ አይደለህም?»

«ነኝ እህቴ። ምነው፣ ሞተሩ እምቢ አለ?»

«ሞተሩማ ይሄዳል። ትናንት ቻርጅ ላይ እንዳለ ጨሰ! ልጆቼ በተኙበት ክፍል!»

«ባልሽ ሲያመጣው መከላከያ ቦርዱ ተቃጥሎ ነበር። ለክቼዋለሁ፤ ባትሪው ኃይል አለው፣ ቦርዱ ግን አያሳልፍም።»

«ታዲያ ቀየርከው?»

«ገበያ ላይ ጠፋ። ቦርዱን አውጥቼ ባትሪውን በሽቦ ዳይሬክት፣ በቀጥታ አገናኘሁት።»

«ሲሞላ የሚያቆመው እሱ አይደል እንዴ?»

«ነው። እንግዲህ ሲሞላ ቶሎ መንቀል ነው።»

«መቼ ነገርከን? ባሌን ‹እንደ አዲስ ሆኗል› ብለህ አይደል የሸኘኸው?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! በልጆቼ ነው የቆመርከው!»

ከኋላ አንድ አዛውንት ጣልቃ ገቡ። «እስቲ ወስደህ የራስህ አልጋ ሥር ሰካው።»

«አባባ፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ጋርመንት አካባቢ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንሠራው። እስካሁን ማንም አልመጣብንም።»

«ይኸው እኔ መጣሁብህ!» አለችና ከረጢቱን ጭኑ ላይ ጣለችው።

ቤት እንደደረስኩ፣ ወንድሜ ጋርመንት ያሠራውን የሞተር ባትሪ ከአልጋው ሥር ጎትቼ ግቢው መሀል አወጣሁት።