ያዩትን ብቻ ያነጻጸሩት መምህርት ሸዋአለም ባህሩ

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ የእድራችን አባላት፣ ከሮቤም ከጎባም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ተማሪዎቻቸው፤ እህቴ የተንዛዛ ንግግር አይወዱም ነበርና አሳጥሬ አነባለሁ።

መምህርት ሸዋአለም ከአባታቸው ከአቶ ባህሩ ወልደጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደስታነሽ በ1929 ዓ.ም. በጎባ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ጎባ ተምረው፣ ሐረር ሄደው በመምህርነት ሠልጥነው፣ በ1949 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ቦታቸው በመመለስ አማርኛ ማስተማር ጀመሩ። ሮቤ ላይ ወፍጮ ቤት የነበራቸውን አቶ ጉቱን አግብተውም ፀሐይንና ቱፋን ወልደዋል።

ከትምህርቱ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ተነጻጻሪ ዘይቤን፣ ማለትም አንዱን ነገር በሌላው «እንደ» ብሎ መግለጽን ነበር። ሕጋቸውም አንድ ነበር፤ በዐይን ባላዩት ነገር ማነጻጸር ክልክል ነው። ተማሪው ሁሉ «እንደ አንበሳ ጀግና» ብሎ ሲጽፍ፣ አንበሳ ያየ እጁን ያውጣ ይሉና፣ ከሐረና ጫካ ዳር አንገቱ ከምትባል መንደር ከመጣው የክፍላችን ልጅ ከጀሊል በቀር እጅ ሲያጡ የሌሎቻችንን በቀይ ይሰርዙ ነበር። «እንደ ባሕር ጥልቅ» ያልኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸውም ከቀዩ አልዳንኩም። በረዶ ሲጥል ደግሞ ጸጥ አሰኝተውን፣ የቆርቆሮው ድምፅ ምን እንደሚመስል ይጠይቁን ነበር፤ አንዷ ተማሪ ገብስ ጣሳ ውስጥ ሲፈስ ይመስላል ያለች ዕለት ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ከእኛ ጋር ቆርቆሮውን አዳመጡ። ሕፃን ልጅ በቃል ብቻ ይህን መሥራት መቻሉ እስከ መጨረሻው ያስደንቃቸው ነበር።

በ1971 ዓ.ም. ተማሪዎች ስለ አብዮት በዓሉ ሰልፍ ጽፈው በግድግዳ ጋዜጣ እንዲለጠፍ ታዘዘ። አንዲት ተማሪያቸውም ሕዝቡ ወደ አደባባይ የወጣው ጉም ከሳነቴ ተራራ ወደ ጎባ እንደሚወርደው ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ግን የማይሸፍነው የለም ብላ ጻፈች። ከሌላ ክፍለ ሀገር አዲስ የመጣ ካድሬ ይህን አንብቦ፣ ሕዝቡ በአብዮቱ ላይ አኩርፏል ማለት ነው በሚል የጸሐፊዋን ስም ጠየቀ፤ ወረቀቱ ላይ ስም አልነበረምና። ጊዜውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ስሟ ቢወጣ ልጅቷ የምትገባበት አይታወቅም ነበር። መምህርት ሸዋአለም አልናገርም አሉ፤ ታስረውም አልተናገሩም፤ በመጨረሻ ከሳነቴ ማዶ ወዳለችው ወደ ደሎ መና እንዲዛወሩ ተወሰነባቸው።

ለሥራ ወደዚያው የሚሄደው ካድሬም አብሯቸው ተሳፈረ። ሳነቴ አናት ላይ ሲደርሱ ጉሙ ወረደ፤ ተራራውን፣ መንገዱን፣ የፊት መብራቱን ሳይቀር ዋጠው። ሾፌሩ አቶ ወዚር እንዳጫወቱን፣ ካድሬው መኪናውን አስቁሞ ወርዶ፣ ኮፍያውን አውልቆ ብዙ ቆመ፤ ተመልሶ ሲገባም ለካ ተማሪው ያየውን ነው የጻፈው አለ። ከዚያ ወዲያ ስሟን የጠየቀ የለም። ያቺ ልጅ መሪየም ቀመር ናት፤ ዛሬ እርሷም የአማርኛ መምህርት ሆና እዚህ መካከላችን ቆማለች፤ ስሟን እንዳነብም የጠየቀችኝ ራሷ ናት።

መምህርት ሸዋአለም ከደሎ መና ተመልሰው ሮቤ ሲያስተምሩ ቆይተው፣ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በጎባ ሆስፒታል ሲረዱ ሰንብተው በዚህ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ዐርፈዋል። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜያቸው አንድ ተማሪ ሞት ምን እንደሚመስል ጠይቋቸው፣ ሰሌዳው ላይ «ሞት እንደ» ብለው ጽፈው፣ አላየሁትም በማለት ቀሪውን ባዶ ትተውት ወጡ። ተማሪዎቹ እስካሁን አላጠፉትም።

ባለቤታቸውን አቶ ጉቱን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና በሁለቱ ከተሞች የሞላነውን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። እኔም ሐዘኔ እንዲህ ነው ብዬ ለመጻፍ ብዙ ሞክሬ ሁሉንም ሰርዤዋለሁ፤ እንደ እርሳቸው ያለ ሰው ከዚህ በፊት ሞቶብኝ አያውቅምና። እርሳቸው ግን አሁን ባዶውን የሚሞላውን አይተውታል። ቸሩ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ይቀበልልን፤ ያዩትንም መልካም ያድርግላቸው። አሜን።