ሳይናበብ አይፋቅም

መሪጌታ ቻላቸውን ያገኘኋቸው ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። በዚያ ብርድ ጋቢያቸውን ጭናቸው ላይ ላለ ነገር አልብሰው ተቀምጠዋል። ሕፃን ያቀፉ መስሎኝ ቦታ ለቀቅሁላቸው። ገለጥ አድርገው ሲያሳዩኝ፣ ጠርዙ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ነው።

የሟች የቅኔ መምህራቸውን ሁለት መቶ አርባ ቅኔዎች ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣት የጻፉት በዚህ ነው። ወረቀቱን ዝናብ አበላሽቶታል፤ ሌላ ቅጂ የለም። አሁን ግን ላፕቶፑ ገና ሲከፈት ደርቆ ይቀራል። እኔም ዲግሪዬን ተማምኜ፣ ዘመኑ አልፎበታልና ይጣሉት አልኳቸው።

«የእኔም ዘመን አልፏል፤ ማን ይጣለኝ?» አሉኝ።

ደባርቅ ስንደርስ፣ በአፌ ያጠፋሁትን ለመካስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የኢክላስ የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ ወሰድኳቸው። ኢክላስ የነጋዴው የአቶ ጠይብ ልጅ ናት፤ ሰው የጣለውን ኮምፒውተር እየሰበሰበች ታስነሳለች። ከፍታ አየችና ሚሞሪው አንድ ጊጋ እንኳ እንደማይሞላ ነገረችን።

«መሪጌታ፣ በሬዎ ደህና ነው፤ የከበደው ቀንበሩ ነው። ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ሲስተም ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል። ሊነክስ የሚባል አለ፤ ለአሮጌ ማሽን የሚሆን ቀለል ያለ ዓይነት አለው፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ፎርማት አድርጌ እሱን ልጫንልዎ።»

ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ ማጥፋት መሆኑን ሲሰሙ፣ መሪጌታ ላፕቶፑን ወደ ደረታቸው ሳቡት። የመምህራቸውን ቃል በገዛ እጃቸው እንደማያስፍቁ፣ አዲስ ነገር ሁሉ ሲመጣ አሮጌውን እየበላ እንደሚመጣ ረጋ ብለው ተናገሩ። ኢክላስ አልተቆጣችም። መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ ፍላሽ እንደምትገለብጥ አስረዳቻቸውና፣ ጥንት ብራና ሲያጥር አሮጌው ተፍቆ ይጻፍበት እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ይፋቃል» አሉ መሪጌታ። «ግን ሳይናበብ አይፋቅም። አንዱ አሮጌውን ያነባል፣ ሌላው አዲሱን በዓይኑ ይከተላል። ከዚያ በኋላ ነው ምላጭ የሚነሳው።»

በዚህ ተስማሙ። ኢክላስ አዲሱን ሲስተም ገና ሳትጭነው ከሌላ ፍላሽ ላይ አስነሳችው፤ የደረቀው ላፕቶፕ ዓይኑን ገለጠ። ፋይሎቹን ገለበጠችና፣ ሁሉም ወጥቷል ብላ ልታጠፋ እጇን ዘረጋች። ሦስት ደንበኞች ቆመው ይጠብቃሉ። እኔም፣ ሳይማር ከሚቸኩል ተምሮ የሚቸኩል ይብሳልና፣ «ቀጥይ» አልኳት።

«አልተናበበም» አሉ መሪጌታ።

የቅኔዎቹን ሙሉ ቃል እርጅና ቢያስረሳቸውም፣ የእያንዳንዱን መነሻ ቃል አልረሱም። እሳቸው ይጠራሉ፣ እሷ ስክሪኑ ላይ ትፈልጋለች። መወድስ ከሚባሉት ረጃጅም ቅኔዎች ሲደርሱ ሰባቱ ጠፉ። ኢክላስ ሌላ ቦታ አስቀምጠው እንደሆነ ስትጠይቃቸው መሪጌታ አቀረቀሩ። ለካ ምርጦቹን ሰው እንዳይሰርቅባቸው፣ ማንም በማይከፍተው የሲስተሙ ፋይሎች መካከል ደብቀዋቸው ኖሯል።

ፈልጋ አገኘቻቸውና ከሌሎቹ ጋር ወደ ፍላሹ ገለበጠቻቸው።

«ላጠፋቸው ነበር፣ መሪጌታ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አንቺስ ሳታውቂ ነው። ሊያጠፋቸው የነበረው መደበቄ ነው» አሉ።

ከዚያ ራሳቸው «አሁን ፋቂው» አሏት። ሊነክስ ተጭኖ ሲያልቅ ላፕቶፑ እኔ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳልጨርስ ተከፈተ። በዚያችው ጣታቸው የመምህራቸውን ስም ጻፉ፤ ፊደሉ አንድም አልጎደለም። አለቀሱ፤ እኔም አላፈርኩም፣ አብሬ አለቀስኩ።

በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ መጋዘን አቧራ የሚጠጣ ስንት ኮምፒውተር አለ! ቀላል ሲስተም ቢጫንበት ተማሪ ይማርበታል፣ ጸሐፊ ይጽፍበታል፣ ለአዲስ ግዢ የሚወጣውም ይተርፋል። ግን ይህን የምመክር ሰው ሌላም ተምሬ መጥቻለሁ፤ አዲሱን የሚያመጣ ሰው የአሮጌውን ሥርዓት ቢጠይቅ አይከስርም።

ኢክላስ ቅኔዎቹ ያሉበትን ፍላሽ ስትሰጣቸው መሪጌታ ወደ ኪሳቸው አልከተቱትም። አንድ ቅጂ ለቅኔ ተማሪዎቻቸው፣ አንድ ለእኔ፣ አንድም እሷው ዘንድ እንዲቀመጥ አዘዙ። ሌባውንስ አይፈሩም ወይ ብዬ ቀለድኩባቸው።

ላፕቶፑን አልብሰውት የመጡትን ጋቢ አንስተው ራሳቸው ለበሱት። «ከእንግዲህ የሚሰርቀኝን ያብዛልኝ» አሉ።