እሳት ሊጭር የሚመጣው ሰው

በእኛ ጊዜ ደብረ ብርሃን እንዲህ የፋብሪካ ከተማ አልነበረችም፣ ልጄ። ጃንሆይ ነበሩ። ብርድ ነበር፣ ጭጋግ ነበር። እኔ ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ ወጥቼ ቆዳ እሸከም ነበር፤ ዘመድ የለኝ፣ ቆዳው ይሸታል፣ ሰው ሲያየኝ መንገድ ይለውጣል።

ታዲያ በዚያ ክረምት በእኛ ሰፈር፣ የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው በቆሙበት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች ታንቀው መገኘት ጀመሩ። አንዷ ሱፍ ፈታይ፣ አንዷ ጠላ ሻጭ፣ እና ደግሞ ሦስተኛ። ያውም በማለዳ።

ሃምሳ አለቃ ደምሴ የሚባል መርማሪ ተላከ። ሰፈሩም አውጫጭኝ ተቀመጠ። አውጫጭኝ ታውቃለህ? ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። የጠረጠረ «ወፌ ነገረችኝ» ብሎ ስም ይጠራል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም።

አቶ ክፍሌ ተነሳ። የተከበረ ጎረቤት ነው፣ የሟቾቹን ሬሳ የተሸከመ። «ወፌ ነገረችኝ፤ ያ ቆለኛ ነው!» አለ። ታዲያ ሁሉም ተከተለው። «እሱ ነው! እሱ ነው!» ያኔ ገዳይ ይሰቀላል፣ ልጄ። ዋስ የሚሆነኝ ሰው ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የለም።

ደምሴ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ጠዋት እሳት ከማን ትጭራለህ?»

«ከማንም።»

«ለምን?»

«ማን ይከፍትልኛል?»

ብድግ አለ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረ። «እናንተ፣ ይህ ልጅ በማለዳ ቢያንኳኳ ትከፍቱለታላችሁ?»

«እግዜር ያርቀው!»

«ለዚህ ግማታም? ውሻዬን ነው የምለቅበት!» ይጮሃሉ፣ ይጮሃሉ፣ እኔን ያሰቀሉ መስሏቸው።

«እንግዲያው ሟቾቹ ለማን ከፈቱ?» አለ። «በራቸው አልተሰበረም። የሦስቱም ምድጃ አመዱ ተገልጦ ፍሙ ወጥቷል። እሳት ሊሰጡ ጎንበስ እንዳሉ ነው የታነቁት። የሚያምኑት ሰው ነው።»

እማማ ውድነሽ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ ቀስ ብለው፣ «ክፍሌ እኔም ዘንድ አንድ ማለዳ የፍም መያዣ ገል ይዞ መጥቶ ነበር» አሉ። «አሞኝ አልከፈትኩም። በቀዳዳ ሳይ የገዛ ቤቱ ይጨሳል። እሳት እያለው ምን ሊጭር መጣ ብዬ ገረመኝ።»

ደምሴ ክፍሌን አየው። ክፍሌ ሮጠ። ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ አንድ ሰው ብቻ ሲሮጥ አስበው! ወንዙ ዳር ያዙት፣ እና የሟቾቹ የአንገት መስቀል ከቤቱ ተገኘ። ለምን እንደገደላቸው እንጃ። አልተናገረም።

ሰዉ ወደየቤቱ ገባ። ይቅርታ ያለኝ የለም። ደምሴ ብቻ ካፖርቱን እያራገፈ፣ «ስለጠሉህ አመስግናቸው፤ እንደነሱ ያለ ምስክር አይቼ አላውቅም» አለኝ። እና እሱም ሄደ። እኔም ቆዳዬን ተሸከምኩ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ኖርኩ፤ የሰው በር ግን አንኳኩቼ አላውቅም።

«ለዚህ ነው እንዴ አባባ፣ ታሪክዎን ልንሰማ መጥተን ስናንኳኳ ለመክፈት የዘገዩብን?» አልኳቸው።

«እሱስ ጆሮዬ ደክሞ ነው» አሉና ሽማግሌው ሳቁ።