የይታይሽ የመጀመሪያ ምርጫ

በአንዲት የጎጃም ከተማ መናኸሪያ፣ ከቀትር በኋላ፤ ተራ አስከባሪው አቶ ልየው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው ልጃቸው ይታይሽ ስልኳን ይዛ ፊታቸው ቆማለች።

ይታይሽ፦ አባዬ፣ ስልክህ አሁን ጮኋል። የመጣውን ቁጥር አንብብልኝ።

ልየው፦ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ።

ይታይሽ፦ ባለፈው ሳምንት ለኢንተርኔት ቤቱ ለአዳሙ ስታነብለትስ መነጽርህ የት ነበር?

ልየው፦ አዳሙ ነገረሽ?

ይታይሽ፦ ራሴ ነኝ ያየሁት! የኮሌጅ ምርጫዬን ላረጋግጥ ብዬ ብከፍተው ባህር ዳር ያልኩበት ቦታ ላይ የከተማችን ኮሌጅ ተቀምጧል። ሮጬ ሄጄ ብጠይቀው፣ “አባትሽ መጥተው እሷ ናት የላከችኝ አሉኝ” አለኝ። አንተ እኮ ዋሽተህ አታውቅም ነበር!

ልየው፦ ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።

ይታይሽ፦ ይስማ! ማስተካከያው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስመዘገብ የራሴ ስልክ ስላልነበረኝ ያንተን ነው የሰጠሁት፤ አንተ ጋ የሚመጣውን ቁጥር ካላስገባሁ ምንም መቀየር አልችልም።

ልየው፦ እዚህስ የሚያስተምሩት ያው ኮምፒውተር አይደለም እንዴ? ስሙን አስነብቤ እኮ ነው ያስመረጥኩልሽ።

ይታይሽ፦ ስሙማ አንድ ነው። ማሽኖቹ ግን ከተበላሹ ስንት ጊዜያቸው! የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ እዚያው ሰሌዳ ላይ በተሳለ ኮምፒውተር ነው ተምራ የጨረሰችው። ሥራ ልትቀጠር ሄዳ “ይህን ፍቺና መልሰሽ ግጠሚ” ሲሏት ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። አሁን የት እንዳለች ታውቃለህ።

ልየው፦ አጎቷ ሱቅ ናት።

ይታይሽ፦ አጎቷ ሱቅ ሳሙና ትሸጣለች።

ልየው፦ እሺ፣ እሱም ይቅር። ከገበያው በላይ ያለው ማሠልጠኛስ? በሦስት ወር ሰርተፊኬት ይሰጣሉ አሉ።

ይታይሽ፦ እዚያ የሚያስተምሩት መተየብ ነው አባዬ። እኔ የምልህ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ማሽን አልነሳ ሲል “ይታይሽን ጥሯት” የምባል ሰው ልሁን ነው።

ልየው፦ እንግዲያው በስልክሽ ተማሪያ። ኦንላይን ይሉት የለ?

ይታይሽ፦ በየትኛው መብራት፣ በየትኛው ኔትወርክ? ትናንት አንድ ቪዲዮ ልከፍት ስታገል ዋልኩ፤ አስተማሪው አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ።

ልየው፦ አንቺ ልጅ፣ አታስቂኝ።

ይታይሽ፦ ሳቅ፣ ግድ የለም፤ ቁጥሩን ብቻ አንብብልኝ። ባህር ዳር የኔትወርኩን ገመድ በገዛ እጄ ነው የምዘረጋው። ማብቂያው ላይ ደግሞ መሥሪያ ቤት ለልምምድ ይልካሉ፤ ሰው ሥራ የሚያገኘው ከዚያ ነው።

ልየው፦ ቁጥሩ ጊዜው ሳያልፍበት አይቀርም።

ይታይሽ፦ አልፎበታል። እንካ፣ ሌላ አስላክሁ። ይኸው ጮኸ።

ልየው፦ ልጄ፣ ነገሩ የኮምፒውተር አይደለም።

ይታይሽ፦ አውቃለሁ።

ልየው፦ አታውቂም። ወንድምሽን ይበልጣልን ማን አሳፈረው? እኔ። ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲመለስ ተመችቶት ይሂድ ብዬ፣ ሾፌሩን ለምኜ፣ አንዲት ሴትዮ አስነስቼ ጋቢና አስቀመጥኩት። የተራ አስከባሪ ልጅ ሆኖ ይህች እንኳ ትቅርበት ወይ ብዬ እኮ ነው! መኪናው ሲገለበጥ ከኋላ የነበሩት ሁሉም ተረፉ። ሴትዮዋ ዛሬም በዚህ ስታልፍ ሰላም የምትለኝ አንገቷን ደፍታ ነው።

ይታይሽ፦ አባዬ፣ አንተ ምን አጠፋህ? ልጅህን ወደድክ እንጂ።

ልየው፦ እናትሽም ሄደች፣ እሱም ሄደ። ማታ በሩን ስከፍት “መጣህ?” የምትለኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ያ ቤት ጭር ካለብኝ አልችለውም። ፈራሁ! ፈርቼ ነው ያስቀየርኩት፤ ይኸው ነገርኩሽ።

ይታይሽ፦ እኔስ ያንን መንገድ የማልፈራው ይመስልሃል? ግን ይበልጣል ለእረፍት ሲመጣ ያንን አሮጌ ኮምፒውተር መሬት ላይ ዘርግፈን ስንፈታ ስንገጥም የምናመሸው ነገር... እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እሱን ቀበርን፤ ያንንም ልቅበረው?

ልየው፦ እሱ በሄደበት መንገድ አልልክሽም።

ይታይሽ፦ ቀኑን ሙሉ ሰው የምትልክ አንተ አይደለህም? ዛሬ ጠዋት ቁርስህን ሳመጣ ያችን ባለ ቀይ ሻሽ ልጅ ሻንጣዋን ጭነህ፣ እናቷን “አይዞሽ፣ በሰላም ትገባለች” ስትላት ሰምቼሃለሁ።

ልየው፦ እሷማ የሰው ልጅ ናት።

ይታይሽ፦ እኔም ለእናቷ የሰው ልጅ ነኝ።

ልየው፦ አፍሽ ቁርጥ የእናትሽን፤ መድረሻ ያሳጣል።

ይታይሽ፦ አሥር ተኩል አልፏል አባዬ። በእናቴ ይዤሃለሁ።

ልየው፦ የት ልታርፊ ነው?

ይታይሽ፦ አክስቴ ጥሩወርቅ ዘንድ። ነግሬያታለሁ፣ አልጋ አሰናድታልኛለች።

ልየው፦ ለእኔ ሳይነገረኝ?

ይታይሽ፦ አንተስ ለእኔ ነግረኸኝ ነው ያስቀየርከው? እኩል ነን።

ልየው፦ እኩልስ አይደለንም። በይ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ደስ ይበለው ብለሽ እንዳትሸነግዪኝ።

ይታይሽ፦ ጠይቀኝ።

ልየው፦ ስትጨርሺ ትመለሻለሽ?

ይታይሽ፦ አላውቅም አባዬ። ሥራው እዚያ ከተገኘ እዚያው ልቀር እችላለሁ። እየመጣሁ አይሃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ብሰጥህ ውሸት ይሆንብኛል።

ልየው፦ ይበልጣል በመስኮት እጁን አውጥቶ “ለፋሲካ እመጣለሁ” ብሎኝ ነው የሄደው። ከቀበርኩትም በኋላ፣ በዓሉ በመጣ ቁጥር በሩን ሳልዘጋ ነው የማድረው፤ ሞኝ ነኝ መቼም። አንቺ እንኳ እውነቱን ነግረሽኛል፤ እንደዚያ አታስጠብቂኝም። ነይ፣ ጠጋ በይ፤ አራት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ... ጻፊ እንጂ! ምን ያስለቅስሻል? ጻፊ ልጄ፣ ይህኛውም ሳያልፍብሽ።