በሟቹ ስልክ ላይ የቆመው መርዶ

(ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሰፈሩ ዕድር ቢሮ። የዕድሩን የስልክ ፕሮግራም የሠራችው አርሴማ ላፕቶፗን ከፍታ ከዳኛው ከጋሽ አምሃ ጋር ተቀምጣለች።)

አርሴማ፦ መርዶው ያልደረሰው በኔትወርክ ነው ይበሏቸው፣ ጋሼ። ነገ ስብሰባው ላይ ቆሜ መናገር አልችልም።

ጋሽ አምሃ፦ ኔትወርክ ነበር እንዴ?

አርሴማ፦ አልነበረም።

ጋሽ አምሃ፦ እንግዲያው ምን ነበር? በሚገባኝ አማርኛ ንገሪኝ። እማማ ዘውዴና ከእሳቸው ወዲያ ያለው ጎረቤት ሁሉ ወርቅነህን ሳይቀብር ቀረ። ሚስቱ አስናቀች ይኸው አኩርፋ ሰላም አትላቸውም።

አርሴማ፦ የፊተኛው ለኋለኛው ይደውል አላሉኝም? ስለዚህ እያንዳንዱ ስም የሚይዘው የቀጣዩን ስም ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ከእርስዎ ወደ ጋሽ ወርቅነህ፣ ከእሳቸው ወደ አቶ ገረመው፣ ከዚያ ወደ እማማ ዘውዴ እያለ መልእክቱን ይልካል፤ ለማን እንደሚደውልም ለእያንዳንዱ ይነግራል።

ጋሽ አምሃ፦ ገረመው እኮ ሰፈር ለቋል።

አርሴማ፦ እሳቸውን ሳወጣ ነው ጉዱ። ስማቸውን ብቻ አጠፋሁት። መጀመሪያ ጋሽ ወርቅነህን ከእማማ ዘውዴ ጋር ማያያዝ ነበረብኝ። ከአቶ ገረመው ኋላ ያሉት ሁሉ አሉ፣ ግን ወደ እነሱ የሚወስድ ስም የለም። ጀማሪ ተማሪ የማይስተው ነገር ነው። ቸኩዬ ሳልሞክረው ተውኩት።

ጋሽ አምሃ፦ ታዲያ መርዶው የት ቆመ?

አርሴማ፦ ይተዉኝ ጋሼ።

ጋሽ አምሃ፦ የት ቆመ አልኩሽ።

አርሴማ፦ በጋሽ ወርቅነህ ስልክ ላይ። የሞታቸው መልእክት ለራሳቸው ተልኮ እዚያው ቀረ። ስልኩ ደግሞ ወይዘሮ አስናቀች እጅ ነበር።

ጋሽ አምሃ፦ ኧረ የፈጣሪ ያለህ።

አርሴማ፦ ለቅሶ ስደርስ አሳዩኝ። «ይሄ ምንድነው ልጄ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ፤ ንፍሮውን እንኳ ሳልቀምስ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ማለፍ አፍሬ፣ በጀርባ መንገድ ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው።

ጋሽ አምሃ፦ እኔስ ብትይ? እማማ ዘውዴ ዘግይተው ሰምተው በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ሲገቡ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የዕድሜ ልክ ጎረቤቱን ያልቀበረ ሰው ዛሬ ምን ሊሠራ መጣ?» አልኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ወጡ። ጡሩምባ ነፊውን አሰናብቼ በስልክ ይሁን ያልኩትም እኔው ነኝ።

አርሴማ፦ ስለዚህ ኔትወርክ ነው ብንል ለሁለታችንም...

ጋሽ አምሃ፦ ምን እዋሽሻለሁ፣ እኔም ሰበብ ስፈልግ ነው ያደርኩት። እሺ፣ እንበላቸው። አሁን የወርቅነህን ስም አውጪው፤ አስናቀች ለምናኛለች። እንዳለፈው እንዳታደርጊው ግን።

አርሴማ፦ መጀመሪያ የፊተኛውን ከኋለኛው ላያይዝ።

ጋሽ አምሃ፦ ከወርቅነህ ፊት ማን ነበር?

አርሴማ፦ እርስዎ።

ጋሽ አምሃ፦ ከኋላስ?

አርሴማ፦ አቶ ገረመው ስለወጡ፣ እማማ ዘውዴ።

ጋሽ አምሃ፦ እንግዲህ መርዶ በመጣ ቁጥር ለእሳቸው የምደውለው እኔ ነኛ።

አርሴማ፦ አዎ። ካነሱልዎት።

ጋሽ አምሃ፦ ...አያነሱልኝም። እኔም ብሆን አላነሳም።

አርሴማ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ልተወው?

ጋሽ አምሃ፦ አያይዥውና ተነሺ። ኔትወርክ የሚባለውን ነገር ተይው። መጀመሪያ እማማ ዘውዴ ቤት፣ ከዚያ አስናቀች ጋ። በጀርባ መዞር የለም፤ በደጃፉ ነው የምንገባው።