ያልታረደው በግ

ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ የመረጥኩትን በግ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ገዛው። ቦታው ደቡብ አፍሪካ፣ ጻካኔ በምትባል ከተማ፣ የአገራችን ሰው ጋሽ ዳንኤል በግ የሚሸጡበት ግቢ ነው። ገዢው ከሂማላያ ተራሮች የመጣ፣ ሂልብሮው በሚባል ሰፈር ብቻውን የሚኖር የቡድሃ እምነት ተከታይ ነበር። በጉን ግን አልወሰደም። ጆሮው ላይ ቀይ ክር አስሮ ጋሽ ዳንኤልን «እስኪያረጅ እዚሁ ይኑር» አላቸው።

«ሥጋ አትበላም እንዴ?» አልኩት።

«እበላለሁ፤ አባቴም ከብት አርቢ ነበር። አሁን ግን እናቴ ታማለች። እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ሊታረድ የነበረ እንስሳ ይለቀቅለታል። ክር የታሰረለትን ማንም አይነካውም።»

ጋሽ ዳንኤል ሳቁ። «እኛ ለታመመ ሰው በግ እናርዳለን፣ እነሱ ይለቃሉ! በል ጋዜጠኛው፣ ሌላ ምረጥ።»

ሌላ መርጬ ሄድኩ። ለአዲስ ዓመት በግ ልገዛ ስመለስ የሰውዬው እናት እንዴት እንደሆነች ጠየቅሁ።

«እሷማ በሳምንቱ አረፈች» አሉ ጋሽ ዳንኤል። «እሱ ግን እሑድ እሑድ ይመጣል። በጉ አጠገብ ቁጭ ብሎ በቋንቋው ሲያወራው ይውላል።»

«ምን ይለዋል?»

«እኔ የት አውቄ! በዚያ ቋንቋ እየደወለች የምታወራው እናቱ ብቻ ነበረች።»