ተበዳይ ያልተገኘበት ክስ

ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈትኩ ሃያ ዓመቴ ነው። ስንቱን ክስ ሳባዛ ኖሬያለሁ፤ የማክሰኞ ጠዋቱን የመሰለ ክርክር ግን ሰምቼ አላውቅም።

“አራት ነጥብ” የምንላቸው ጡረተኛው የፍርድ ቤት ታይፒስት መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ ገብተው ነበር። ወዲያው ያሳደጓት የወንድማቸው ልጅ፣ ጠበቃዋ፣ ካባዋን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ደረሰች። ከተኳረፉ ሦስት ሳምንታቸው ነው። እርስ በርስ ተፋቅራችኋል ተብለው ለታሰሩት ሁለት ወንዶች፣ ለአንድ ነርስና ለአንድ ሰዓት ሠሪ፣ ጥብቅና ቆማለች። ከተፈረደባቸው አሥር ዓመት ይጠብቃቸዋል።

“ዛሬም ልትቆሚላቸው ነው?” አሉ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

“እንደምን አደሩ ጋሼ። አዎ፣ በአራት ሰዓት።”

“ሌላ ጠበቃ ጠፋ?”

“ሰባት ጠበቆች እምቢ ብለዋቸው ነው እኔ ጋ የመጡት።”

“ሰባት ሰው ለሸሸው ነገር አንቺ ምን ቤት ነሽ?”

“ለሌባ ስቆም ‘ጎሽ’ ይሉኝ ነበር።”

“ሌባማ ሌላ ነው! ይሄ ነውር ነው።”

“ነውር ነው ካሉ ልብዎ የራስዎ ነው፤ አልከራከርዎትም። ሰው ማሰር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እስቲ ክሱን ይዩልኝ፤ እንደ እርስዎ ክስ የሚያነብ የለም።”

ሽንገላ መሆኑ እሳቸውም ገብቷቸዋል። ቢሆንም ወረቀት አይተው ማለፍ አይሆንላቸውም። መነጽራቸውን አድርገው የተከሳሾቹን ስም፣ በበር ቀዳዳ አየሁ ያለችውን የአከራያቸውን ቃል እያነበቡ ወረዱ። ጣታቸው “የግል ተበዳይ” የሚለው መስመር ላይ ቆመ።

“ይሄ ሳይሞላ ቀርቷል። የማን ዝርክርክ ነው የጻፈው?”

“ተሞልቷል ጋሼ፤ ሰረዝ ነው። የሚጻፍ ስም አላገኙም።”

“አንድ ሰው እንኳ?”

“ማንን በደሉ? ዛሬ በቀዳዳ ያየ ሰው ሁለት ሰው ካሳሰረ፣ ነገ የማን በር በር ይሆናል? የተጠላ ሰው ጠበቃ ካጣ፣ እኔም እርስዎም በተጠላን ቀን ማን ይቆምልናል?”

ሽማግሌው እጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

“ሠላሳ ዓመት ሙሉ…” አሉ በቀስታ። “ይሄን ሰረዝ ስንቴ መታሁት። አንድ ቀን እንኳ ‘ታዲያ ማን ተበደለ?’ አላልኩም።”

ማሽኑን አጠፋሁት። የሰባ ዓመት ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ማየት እንዲህ የሚያስደነግጥ፣ እንዲህ የሚያስደንቅ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከልጃቸው ጋር ወደ ፍርድ ቤቱ ሲሻገሩ ሱቄን ዘግቼ ተከተልኳቸው።

ችሎቱ ጢም ብሏል። ከተከሳሾቹ ጀርባ ያለው አግዳሚ ብቻ ባዶውን ቀርቷል፤ እናቶቻቸው እንኳ ሰው ፈርተው አልመጡም። አራት ነጥብ ሁሉም እያያቸው ሄደው ቁጭ አሉበት።

ፖሊሱ ጎንበስ አለና “አባቴ፣ ይሄ የቤተሰብ ቦታ ነው። ምናቸው ነዎት?” አላቸው።

“ቤተሰብ ነኛ” አሉ፣ ችሎቱ ሁሉ እስኪሰማ።